ከአምስቱ ትእዛዞች ሁለተኛው

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን፣ ከሥራ መልስ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ? ባለፈው ደብዳቤህ «ጉልበቴ» ካልክ በኋላ ያለው አንድ መስመር ተኩል በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ነው የደረሰኝ። መስኮት ላይ ለጥፌ በፀሐይ ባየውም አልገለጥ አለኝ። ስለ ሰው ጉልበት ምን የመንግሥት ምስጢር እንዳለ አላውቅም። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ የጎደለ ቃል ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመስመሩን ርዝመት አይቼ «ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል፤ ሐኪም ግን አላየኝም» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ከተሳሳትኩ አርመኝ።

ከአንተ በፊት ይህን ለሚያነበው ሰውም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ተያይተን አናውቅም እንጂ የሙያ ወንድሜ ነው፤ እሱም እንደ እኔ የሰውን ጽሑፍ ከባለቤቱ ቀድሞ በማንበብ ነው የሚተዳደረው። ዛሬ ረዘም አድርጌ ስለምጽፍ ይታገሠኝ። የምደብቀው የለኝም። የሆነው ሁሉ ፊርማዬ ያለበት ወረቀት ላይ ሰፍሮ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል።

እኛ ደህና ነን። ልጅህ ሆስፒታሉ ውስጥ ከማታ ተራ ወደ ቀን ተዛውራለች፤ ፊቷ መለስ ብሏል። የልጅ ልጅህ በእግሯ መሄድ ጀምራለች። ስትወድቅ መጀመሪያ ዙሪያዋን ትቃኛለች፤ የሚያያት ሰው ካለ ታለቅሳለች፣ ከሌለ ተነሥታ መንገዷን ትቀጥላለች። እናቷ «ቁርጥ አያቷን» ትላለች። እኔ ያንተ ነው የምለው አፍንጫዋን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የአባቷ ወገን ነው። ይህን ለልጅህ እንዳትጽፍላት፤ ታኮርፈኛለች።

ቤቱን እንደተውከው ነው ብልህ እዋሽሃለሁ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተቀይሯል። በረንዳው ላይ የተከልከው ጽጌረዳ ደርቆ ነቅዬዋለሁ። ወንበርህ ግን ቦታው ላይ ነው። እንግዳ ሊቀመጥበት ሲል «እግሩ ይወዛወዛል፣ እንዳይጥልህ» እላለሁ፤ አይወዛወዝም። ውሃ ስቀዳ ደግሞ እንዳንተ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቼ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ከዚያ እጠጣለሁ። ስንት ዓመት ስስቅብህ የኖርኩትን ጠባይ ማን አውርሶኝ እንደሄደ አላውቅም። ፊትህን ፎቶ ላይ አገኘዋለሁ። እየጠፋብኝ ያለው ድምፅህ ነው። ሳትስማማ «እሺ» የምትላት ነገር ነበረችህ፤ ከአፍንጫህ የምትወጣ፣ አጭር፣ «እንዳልሽ፤ ግን ተሳስተሻል» የምትል። እሷን ለመስማት ዓይኔን ጨፍኜ እሞክራለሁ። አንዳንድ ቀን ትመጣለች። አብዛኛውን ቀን አትመጣም። ጠያቂ ወደማይደርስበት ሩቅ ቦታ ካዛወሩህ፣ እኔም ካየሁህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ነው የቀረው።

በቀደም አዲሷ ጎረቤታችን «ባለቤትሽ ምን አድርጎ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስናገረው እያጠረ እያጠረ ሄዶ አሁን ለአንድ ደረጃ መውጫ ያህል ነው የቀረው። ውሃ መርማሪ ነው አልኳት። የአንድ ሰፈር ውሃ ለሕፃናት መርዝ መሆኑን በመሣሪያው አይቶ ለአለቆቹ አመለከተ። ዝም በል አሉት። የምርመራውን ውጤት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፈው። «ሕዝብ በሐሰት ወሬ አሸብረሃል» ብለው አሥራ አራት ዓመት ፈረዱበት። ሴትዮዋ የያዘችውን ዘንቢል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና «ታዲያ ይግባኝ የለም?» አለች። የአህጉሩ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈርዶለታል አልኳት። «እሰይ! መቼ?» ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ፊቴን አየችና የሚያጣድፍ ሥራ ትዝ አላት።

ምን ላስረዳት? መንግሥት «ፍርዱን በአክብሮት ተቀብለነዋል» ማለቱን በሬዲዮ ሰምተናል። ተቀብሎ የት እንዳስቀመጠው ነው የጠፋን። ጠበቃችን አሥራ ሰባት ማመልከቻ አስገብቶ አሥራ ሰባት የመቀበያ ማህተም ይዞ ተመልሷል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ነገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ መግቢያው ሲረዝም ነገር እንዳለ ይገባሃል፣ ታውቀኛለህ።

ፍርድ ቤቱ የሰጠው ትእዛዝ አምስት ነው፤ በቃልህ እንደምታውቀው አውቃለሁ፣ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። አንደኛ፣ እዚህ የተፈረደብህ ፍርድ መብትህን የጣሰ መሆኑ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታና ሳይዘገይ ከእስር ትለቀቅ። ሦስተኛ፣ እስክትለቀቅ ድረስ ቤተሰብህ ሊጠይቅህ በሚችልበት ቅርብ ቦታ ትያዝ። አራተኛ፣ ይህ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በመንግሥቱ የሕግ ጋዜጣ ላይ በስድስት ወር ውስጥ ይውጣ። አምስተኛ፣ የተደረገው ሁሉ ለፍርድ ቤቱ ይነገር። አራተኛዋ ናት የእኔ ቤት። የሕግ ጋዜጣውን የምናትመው እኛ ነን፤ የእስር ቤት አዛዥ ደግሞ እዚያ ላይ ያልወጣ ትእዛዝ አላየሁም ማለት ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚመጣውን ገጽ ሁሉ፣ የሹመቱንም የቀረጡንም፣ ስምህን እየፈለግሁ ስከፍት ኖርኩ። አንተም በየደብዳቤህ «መጣ ወይ?» ትለኛለህ። እኔም «ገና ነው» እልሃለሁ።

ዋሽቼሃለሁ። የዛሬ አሥራ አራት ወር መጥቶ ነበር።

አሠራራችንን ታውቀዋለህ፤ በተጋባን ሰሞን ጋዜጣ ጮክ ብለህ እያነበብክልኝ «ነጥቡን ዘለልከው» እያልኩ ሳሰለችህ ተምረኸዋል። አንዱ ረቂቁን ያነባል፣ ነጥቡንም ሰረዙንም ሳይቀር። ሌላው ለኅትመት የተዘጋጀውን ናሙና ይዞ በጆሮው እየሰማ በዓይኑ ይከተላል። ናሙና ያዥ ረቂቁን አያይም። የሰማውና ያየው ካልገጠመ የሰማውን ጽፎ ይፈርማል። የእኔ አንባቢ አሁንም ነጠላ ሰረዝ ነው፤ በየሦስት ቃሉ ትንፋሽ እየወሰደ ስሙን ያገኘው ሰውዬ። ለጡረታው አምስት ወር ቀርቶታል።

የዚያን ቀን አለቃችን ረቂቁንና ናሙናውን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ «ይህን ካንቺ በላይ ተጠንቅቆ የሚያነብ የለም» አለኝና ዓይኔን ሳያይ ሄደ። ነጠላ ሰረዝ ማንበብ ጀመረ። ስምህን ከነአባትህ፣ ዕድሜህን፣ ሥራህን ሲያነብ ፊደል በፊደል ተከተልኩት። ትእዛዞቹ ጋ ደረሰ። አንደኛውን አነበበ። ሁለተኛ ብሎ የጠያቂውን ነገር አነበበ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አለቀ። አምስቱ አራት ሆነዋል፤ ቁጥሩም ተስተካክሎ ተጠጋግቷል። የጎደለው መፈታትህ ነው።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ። ጸሐፊዋ ዘለለችው ብዬ አሰብኩ። በልጅህ እምልልሃለሁ፣ ሌላ አልመጣልኝም። የእኛ ሙያ ሰው ሞኝነት ይህ ነው፤ የጎደለ ነገር ሁሉ የተዘለለ ይመስለናል እንጂ ቆርጠው ያወጡት ነው ብለን አናስብም። ኅዳጉ ላይ «ሁለተኛው ትእዛዝ የቀረ ይመስላል፤ ከዋናው ፍርድ ጋር ይመሳከር» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ነጠላ ሰረዝ ፈረመ። ገጹ በዚያው ቀን ለማመሳከር ወደ ሚኒስቴሩ ሄደ። ሄደ ነው የምልህ። ጠዋት ጠዋት አለቃችንን «ተመለሰ?» እለዋለሁ፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ስድስት ወር ሲሞላ መጠየቁን ተውኩት።

ዝም ብዬ አሳልፌው ቢሆን ኖሮ ጎደሎውም ቢሆን ይታተም ነበር። የጠያቂው ትእዛዝ እዚያው ላይ ነበረ። አሥራ አራት ወር ወደ ስልሳ እሑድ ነው። ስልሳ እሑድ ያሳጣሁህ እኔ ነኝ፣ ያውም ሥራዬን አጥርቼ ሠርቼ። ይህን በደብዳቤ ልጽፈው ስንት ጊዜ ተነሥቼ «ገና ነው» ብዬ ዘጋሁ።

ትናንት ጠዋት ገጹ ተመለሰ። ከሚኒስቴሩ የሕግ ክፍል አንድ ሰው ራሱ ይዞት መጣ። ከልጃችን ብዙም አይበልጥም፣ ጨዋ ነው፣ ሲገባ ለሁላችንም እጅ ነሣ። እኔ የጻፍኩት ጥያቄ በአንድ መስመር ተሰርዞ አጠገቡ «እንዳለ ይታተም» ተብሎ ማህተም ተደርጎበታል።

«እናቴ» አለኝ፣ «በሚቀጥለው ወር ፍርድ ቤቱ ትእዛዜን ፈጽማችኋል ወይ ብሎ ይጠይቀናል። ልዑካኑ ዓርብ ይሄዳሉ። ይህ ጋዜጣ ቦርሳቸው ውስጥ መግባት አለበት።»

«ሁለተኛው ትእዛዝ የት ሄደ?» አልኩት።

«ሁለተኛው በጥናት ላይ ነው።»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር?»

«ጥናት ጊዜ ይወስዳላ፣ እናቴ።»

ነጠላ ሰረዝ ከጥግ ሆኖ «ከታሰረው ሰው ደግሞ ዕድሜ ይወስዳል» አለ። ልጁ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ወንበር ስቦ ተጠጋኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤትዎ መሆናቸውን አውቃለሁ። እኔም እናት አለችኝ። ሐሙስ ከታተመ ዓርብ ያዛውሯቸዋል። እዚሁ ከተማ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ቢይዙ ነው። እሑድ እሑድ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት። የዝውውሩ ደብዳቤ ተፈርሟል።» አሳየኝ። ስምህ አለበት። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም፤ ልማድ ሆኖብኝ አይቼዋለሁ።

«ካልታተመስ?»

«ካልታተመ ሁሉም ባለበት ይቆያል።»

ውሸት እንዳልነበረበት አውቃለሁ። ያመመኝም እሱ ነው። ናሙናው ተሠርቶ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ «ምሳዎን በልተው ይምጡ፣ አይጨነቁ» አለኝ። ወጣሁ። ተመለስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀመጥን። ልጁ እጁን አጣምሮ አጠገባችን ተቀመጠ። እኔ ናሙናውንና ቀይ እስክሪብቶዬን ያዝኩ። ነጠላ ሰረዝ መነጽሩን አጥልቆ ጀመረ። እንደዚያ በጥሩ ሁኔታ ሲያነብ ሰምቼው አላውቅም፤ ትንፋሽ የሚወስደው ነጥብ ላይ ብቻ ነበር። ትእዛዞቹ ጋ ደረሰ። «አንደኛ» አለ፣ አነበበ፣ «አራት ነጥብ» አለ። ከዚያ ቆመ። ረጅም ትንፋሽ ወሰደ።

«ሁለተኛ፣ ተበዳዩ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታና ሳይዘገይ ከእስር ይለቀቅ። አራት ነጥብ።»

ናሙናዬ ላይ ይህ የለም። የሰማሁትና ያየሁት አልገጠመም። እጄ በሁለቱ መስመሮች መካከል ምልክቱን አደረገች፤ ኅዳጉ ላይ የሰማሁትን ጻፈች። ቁጥሮቹን አስተካከለች። ነጠላ ሰረዝ ሳያቋርጥ ወደ ሦስተኛው አለፈ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ልጁ ተነሥቶ ረቂቁን ከእጁ ወሰደ። «የት ነው ያለው? እዚህ የለም እኮ!»

ነጠላ ሰረዝ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ መነጽሬ አርጅቷል።»

«መነጽር የሌለ መስመር ያነባል እንዴ?»

«እኔም እኮ ገርሞኛል።»

ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ይሰርዙታ። ረቂቁ ላይ እንደሌለ ያውቃሉ።»

«ረቂቁን አላየሁም» አልኩት። «ናሙና ያዥ ረቂቅ አያይም። የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።» ፈረምኩ። ነጠላ ሰረዝም ፈረመ።

አለቃችን ተጠራ። ኅዳጉን ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሌላ ጥንድ እንዲያነበው ልጁ ቢለምነውም «ፈርመውበታል፤ መስመር የተጨመረበት ገጽ ያለ ሚኒስቴሩ አዲስ ማህተም ማሽን ላይ አይወጣም። ደንቡን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ» አለው። ማህተም ያዡ እስኪገኝ፣ ገጹ እንደገና እስኪሠራ ዓርብ ያልፋል፤ ሁላችንም አውቀነዋል። ልጁ አልተቆጣም። ወረቀቶቹን ሰበሰበና በሩ ላይ ቆሞ «ለማን ብለው ነው፣ እናቴ?» አለኝ።

ሰዎቹ ሲወጡ ነጠላ ሰረዝን «ምን ነካህ? አምስት ወር ነው የቀረህ!» አልኩት። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጻፈውን ሳነብ ኖርኩ» አለኝ፣ «አንድ ቀን የተፈረደውን ላንብብ ብዬ ነው። ይልቅ ሻይ ግዢልኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

ዛሬ ጠዋት አለቃችን ጠርቶ ከሰኞ ጀምሮ ሁለታችንም ከሕግ ጋዜጣው ተነሥተን የቀን መቁጠሪያ አራሚ መሆናችንን ነገረን። ከዚህ የባሰ ጠብቄ ነበር፤ ሰውየው ለእኛ ብሎ ሳይጣላ አልቀረም። ነጠላ ሰረዝ «የሚመጣውን ዓመት ከአገሩ ሰው ሁሉ ቀድመን አየነው ማለት ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው «ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ረቡዕ ሦስት» እያለ ልምምድ ጀመረልኝ። እኔም ሳቅኩ። ቢሆንም ከእንግዲህ ፍርድህ ቢወጣም ባይወጣም እንደ ማንም ሰው መንገድ ላይ ነው የምሰማው።

ለጠበቃችን ደወልኩለት። ደስ አለው፤ ጎደሎው ታትሞ ቢሆን «ፈጽመናል» ብለው መዝገቡን ሊያዘጉት ይችሉ ነበር፣ አሁን ግን ባዶ እጃቸውን ነው የሚቀርቡት አለኝ። «ጥሩ አድርገሻል፣ ግን…» አለኝ። «ግን ምን?» አልኩት። «ግን እኔ እሑድ የምጠይቀው ሰው እዚያ የለኝም፤ ጥሩ አደረግሽ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።»

ለዚህ ነው በማግስቱ የምጽፍልህ። የአህጉሩ ፍርድ ቤት እንኳ ሲፈርድ መጀመሪያ ያንተን ቃል ተቀብሎ ነው። እኔ ግን ሳልጠይቅህ ነው። ጉልበትህን የሚያመው አንተን ነው፣ ግድግዳውን የምታየው አንተ ነህ። «እሑድ እሑድ ላይሽ ይሻለኝ ነበር» ብትለኝ የምመልሰው የለኝም። ቢሆንም አትደብቀኝ። ጥቁር ቀለም ቢቀቡትም ከመስመሩ ርዝመት አውቀዋለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ልጅህ ሕፃኗን ይዛ መጣች። በሩን ከፍቼላት ቆማ አየችኝ። «እማዬ! ፀጉርሽን ተቀባሽ እንዴ? ሦስት ዓመት ሙሉ ስለምንሽ እምቢ ብለሽኝ! ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። «ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ጊዜ ተርፎኝ ነው።»

ያለህበትን ቦታ ቅዝቃዜ ያለዝብልህ። የሚጠብቁህን ሰዎች ልብ ያራራልህ። ጉልበትህን ሙቅ ጨርቅ አትንፈገው፣ ጨርቅ ከሰጡህ።

የልጅህ እናት